የአራተኛው ክፍል አፍንጫ

ልጅቷ ሴንሰሮቿን በካርቶን ተሸክማ ወደ ፖም መጋዘኑ ስትመጣ በሩን የከፈተላት አባቷ ነበር። ሌላ ማን ይከፍትላታል? የመጋዘኑ ቁልፍ ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ወገብ ላይ ነው። ሲራመድ ቁልፎቹ ስለሚንቃጨሉ ሠራተኞቹ «ባለ ቁልፉ መጣ» ብለው ሲጋራቸውን የሚያጠፉት ገና ሳያዩት ነው። የዚያን ቀን ግን ባለ ቁልፉ በማንም ላይ ዓይኑን አላፈጠጠም። ካርቶኑን ከልጁ እጅ ተቀብሎ፣ እንደ አራስ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ያገኘውን ሁሉ «የኔ ልጅ ናት እኮ! ተምራ መጣች!» ይላል፤ የማያውቃት ያለ ይመስል።

ያደገችው እዚያው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከመራጮቹ መሃል ተቀምጣ የተጎዳውን ፖም ከደህናው ለይታለች። ባዶ ሣጥን ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት ሰው ሁሉ ሲፈልጋት ውሏል። ክሬኑ ትከሻ ላይ ወጥታ የመጋዘኑን ጣሪያ በእጇ ነክታለች። ክሬኑ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነው፤ ስሙን የወለደችው ታውቀው ይሆናል እንጂ መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ስም የለውም። እሱም ከካርቶኑ ውስጥ ሳሙና የምታህል አንዲት ነጭ ዕቃ አውጥቶ በሰፊ መዳፉ ላይ አገላበጣት።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?»

«ሴንሰር ናት ጋሽ ክሬን። የፖሞቹን ትንፋሽ ታሸታለች።»

«ፖም ይተነፍሳል እንዴ?»

«ይተነፍሳል እንጂ! ተለቅሞ ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላም ይተነፍሳል። ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ የእኛ አፍንጫ አይደርስበትም። ያ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ፖም ‘አንተም ብሰል’ ብሎ ይቀሰቅሰዋል፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን። አየር አጥሮት ታፍኖ መብላላት ሲጀምር ደግሞ አልኮል ያወጣል። ይቺ ሁለቱንም ትለካለች።»

«አልኮል?» ክሬኑ ወደ ባለ ቁልፉ ዞር አለና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። «እንግዲህ የሰከረ ፖም ካለ እጅ ከፍንጅ ልትይዢው ነዋ!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ባለ ቁልፉም ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴንሰሮቹ «አፍንጫዎቹ» ተባሉ፤ እሷም «ዶክተሯ»።

መጋዘኑ ከመንገድ ዳር ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ በወፍራም ግድግዳ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ክፍሎች ሆኗል፤ እያንዳንዱ በር የገፋውን ሰው ያስቃስታል። በአካባቢው ያሉ አምራቾች ፖማቸውን ለቅመው እዚያ ያስቀምጣሉ፤ ገበያው ፖም ሲጠማ ወጥቶ ይሸጣል። ችግሩ፣ አንድ ክፍል ከተሞላና በሩ ከተዘጋ በኋላ መሃል ያለው ሣጥን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ አንዱ ክፍል ሲከፈት ጉድ ይወጣል። ሥራ አስኪያጇ፣ ሁሉም «አለቃ» የሚሏት፣ ስትናደድ ድምፅዋን ዝቅ እንጂ ከፍ የማታደርግ ሴት፣ ይሄው ነገር አንጀቷን አቃጥሏት ነው የባለ ቁልፉን ልጅ «እስቲ አምጪና ሞክሪ» ያለቻት። ልጅቷም በየክፍሉ አንድ አንድ አፍንጫ ሰቀለች፤ ሽቦውን እስከ ቢሮው ስክሪን ዘረጋች። ከልኩ ያለፈ ነገር ሲኖር ደወል ይጮሃል፣ የክፍሉ ቁጥርም ይቀላል።

ማታ ማታ ከአባቷ ጋር አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቤቱ ከእናትየው ሞት ወዲህ ጸጥ ያለ ቤት ነው። እናቷ ሳትሞት በፊት ባለ ቁልፉ ጠጪ ነበር፤ እንደ ነገሩ የሚቀማምስ አይደለም፣ ተሸክመው የሚያመጡት ዓይነት። ሚስቱ አልጋ ላይ ስትወድቅ እጇን ይዞ ሁለተኛ በአፌ አይዞርም ብሎ ማለላት። ልጅቷ ያኔ ለትምህርት ራቅ ያለ ከተማ ነበረች፤ መሐላውን እናቷ ናት በስልክ ያበሰረቻት። «አባትሽ ሰው ሆነልኝ» ነበር ያለቻት፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ልጅቷ ለቀብር ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አባቷ እጅ ላይ ብርጭቆ አይታ አታውቅም። ሰው ስለ አባቷ ሲያነሳ አንገቷን ቀና የምታደርገው በዚህ ነው።

*

ደወሉ መጀመሪያ የጮኸው መጋዘኑ ሞልቶ በሮቹ ሁሉ በተዘጉ ሰሞን ነው። ከምሳ በኋላ ስክሪኑ ላይ አራተኛው ክፍል ቀላ፤ አልኮል። ልጅቷ ደንግጣም ደስ ብሏትም ወደ አለቃ ቢሮ ሮጠች። የመብላላት ምልክት ከታየ መዘግየት አይቻልም፤ ክፍሉ ተራግፎ ሣጥን በሣጥን መለየት አለበት።

አራተኛው ክፍል ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ጢም ያለ ነው። ልጅቷ ጫኞቹ ይንጫጫሉ፣ ያጉረመርማሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። እነሱ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ክሬኑ ጓንቱን ከኪሱ አወጣና «በሉ፣ እናውጣው» አለ። ሣጥኖቹን እያወረዱ፣ እየደረደሩ፣ ለመራጮቹ እያቀረቡ ያን ቀን ሙሉ ዋሉ፤ በማግስቱም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የማይቀረው ቀልድና ስድብ እንኳ አልነበረም። ባለ ቁልፉ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፎቹን በእጁ ያሻሻል፤ በዚያ ብርድ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ለኔ ተጨንቆ ነው አለች ልጅቷ በልቧ።

አንድም የተብላላ ፖም አልተገኘም። መሬት የወደቁ፣ ጎናቸው የተመታ፣ ሁልጊዜ የሚኖሩ ጥቂቶች ናቸው የተለዩት።

«አይዞሽ» አላት ክሬኑ ወገቡን እያሸ። «ዕቃው አዲስ ነው፤ ይለምዳል።»

አለቃ ግን አስጠርታ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ፣ «አንዴ ይሁን» አለቻት። «ሁለተኛ ግን የማላየው ብስባሽ ፍለጋ መጋዘን አላስገለብጥም። ሰዎቹን አየሻቸው? አንዳቸውም ቀና ብለው መቆም አልቻሉም።»

ሳምንት አላለፈም፣ ያው ክፍል እንደገና ቀላ። አሁን ልጅቷ ብልህ ሆናለች፤ ሰው ሳይሰማ ደወሉን አጠፋችና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ሁለቱን መስመሮች አስተያየች። የኤትሊኑ መስመር እንደተኛ ሰው ተዘርግቷል፤ ንቅንቅ አላለም። የአልኮሉ መስመር ግን ከምሳ በኋላ እንደ ጉብታ ይነሳና ወደ ማምሻው ይወርዳል። ትናንትም እንደዚያው፤ ከትናንት ወዲያም። ደወሉ ላይ ስላልደረሰ ነው እንጂ ጉብታው በየቀኑ አለ። ፖም ደግሞ ከምሳ በኋላ ተብላልቶ ወደ ማታ አይድንም።

የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ ወለሉን በምን እንደምታጥብ ጠየቀቻት። በውሃና በሳሙና ነው፤ ያውም ጠዋት። ልጅቷ ጉብታ የሌለባቸውን ቀናት ፈለገች። እሑዶቹ ናቸው። አባቷ ታሞ የተኛበት ያ ረቡዕም አለ። ከዚያ ላይ ዓይኗን ነቀለችና ስክሪኑን አጠፋችው። ሆዷ ያወቀውን ለራሷ ለመንገር ግን አንድ ሌሊት ወሰደባት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ካፖርቷን ደርባ አራተኛውን ክፍል ገፋ አደረገች። አልተቆለፈም። የፊተኛው መብራት በርቷል፣ የኋለኛው ጠፍቷል። በሣጥኖቹ ቁልልና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ ውስጥ ዘለቀች። ማራገቢያው ያጓራል። ጥጉ ላይ፣ ሴንሰሯ ከተሰቀለችበት ሥር፣ አባቷ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ኮሌታውን አቁሟል፣ ቴርሞሱ በጉልበቶቹ መሃል፣ ክዳኑ በእጁ።

«ሻይ ነው» አለ፤ ገና አፏን ሳትከፍት።

ክዳኑን ከእጁ ወሰደችና አሸተተችው። ከራሱ በላይ የሴንሰሯ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ለእማዬ ምለህላት ነበር።»

«ምዬላት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱን ተይው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

ባለ ቁልፉ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። «እሷ እስትንፋሷ እስኪወጣ ጠብቄያለሁ» አለ። «አንዲት ጠብታ አልነካሁም፤ ያንን እመኚኝ። ከቀብር ስንመለስ ግን ሰው ሁሉ ቤቱን ሞልቶ፣ አንቺ ስታለቅሺ፣ እኔ ደግሞ እንባ እምቢ ብሎኝ… ጓሮ ዞርኩና ጠጣሁ። ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ያው ነው።»

ልጅቷ የምትኮራባት ያቺ መሐላ ከእናቷ ጋር አንድ ቀን ነው የተቀበረችው፤ እሷ ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው መሃል ተሸክማት ዞራለች።

«ሰው ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። ማን ያውቃል? አንቺና ይቺ የተረገመች ዕቃሽ ናችሁ።» እጇን ያዛት፤ እጁ በረዶ ነው። «ልጄ፣ እንዳትናገሪ። ይሄን ቁልፍ ከወገቤ ከፈቱት እኔ ምን እሆናለሁ? ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ። ባንቺ ሞት።»

«በኔ አትማል!» አለችው፤ ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ቴርሞሱን ይዛ ወጣች፤ ያለውን ሁሉ የመታጠቢያው ቦይ ውስጥ ደፋችው።

*

አለቃ ዘንድ የገባችው በዚያው ቀን ነው። እውነቱን ልትናገር ይሁን ልትዋሽ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አልቆረጠችም ነበር። አለቃ ወንበር ሳበችላትና «ደግሞ ምን አለ አፍንጫሽ?» አለቻት ፈገግ ብላ። ያቺ ፈገግታ ናት ያሸነፈቻት።

«የአራተኛው ክፍል የአልኮል መለኪያ ተበላሽቷል» አለች ልጅቷ። «ብርጭቆ ማጽጃም ቀለምም ሲሸታት ትጮሃለች። እሱን ብቻ ልዝጋውና የኤትሊኑ ይሥራ፣ ከፈቀዱልኝ።»

«ያለ እሱ ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

መዝጋት ማለት ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ማንሳት ነው፤ በጣት ንክኪ ያልቃል። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለቤቱ ደግ ወራት ነበሩ። ባለ ቁልፉ ሲያንጠባጥብ የኖረውን ቧንቧ ጠገነ። ጠዋት ከልጁ ቀድሞ እየተነሳ ሻይ ያፈላል፤ የእውነቱን ሻይ። አንዳንዴ ጫማውን ሲያስር ያዜማል። ልጅቷ ምሳ ሰዓት ላይ አራተኛው ክፍል ብቅ እያለች ጥጉን ታየዋለች፤ ማንም የለም። የተገለበጠው ሣጥን ራሱ ወደ ቦታው ተመልሷል። እሱም ሲያያት «መርማሪዋ መጣች» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም እየቆየች መሄዱን ተወችው።

መለኪያውን ትንሽ ቆይታ ልትመልሰው አስባ ነበር። ነገሩ ሲረሳ፣ አባቷ ሲጸና፣ አንድ ጠዋት ሹልክ ብላ ምልክቷን ልትመልስና ማንም ሳያውቅ ሊያበቃ። ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ጣቷን አቅርባለች። ብትከፍተው ምን እንደሚላት ግን ፈራች። ዝግ እስከሆነ ድረስ አባቷ ሰው ሆኗል። ነገ ትለዋለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ አይጠፋም።

ባለ ቁልፉ ግን አላቆመም ነበር። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ከጥጉ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋለኛው ቁልል መሃል አንድ ረድፍ ሣጥን አውጥቶ ሰው የሚይዝ ጎድጓዳ ሠራ። ማራገቢያው ነፋሱን የሚለቀው በዚያው በኩል ነውና ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲገባበት፣ የጭነት መኪና መሸፈኛ የሆነ ወፍራም ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ጋረደ። ከመተላለፊያው ለሚያይ ሰው ላስቲኩ ሣጥኖቹን ከአቧራ ለመከለል የተደረገ ነው የሚመስለው። ከነፋስም ከዓይንም ተከለለ። ላስቲኩ ግን ቀዝቃዛውን አየር ከክፍሉ ግማሽ አገደው። ከኋላው ያሉት ፖሞች በራሳቸው ትንፋሽ እየሞቁ፣ በራሳቸው ትንፋሽ እየታፈኑ ከረሙ። የኤትሊኑ መስመር ትንሽ ቀና ብሎ ነበር፤ ደወል አልደረሰም። አየር ያጠረው ፖም በዋናነት የሚተነፍሰው አልኮል ነው፤ አልኮሉን የሚሰማ ደግሞ አልነበረም።

*

የገዢዎቹ መኪና የመጣ ቀን አምራቾቹም መጥተው ነበር። ከነሱ መሃል አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዛፎቻቸውን ብቻቸውን ይዘው የሚኖሩ፣ ዘንድሮ ዋጋ ይሻላል ተብለው የዓመቱን ምርት አንድ ሳያስቀሩ አራተኛው ክፍል ያስገቡ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ናቸው። ሲያዩዋት ጉንጯን ስመው «የኔን ፖም ደህና ጠበቅሽልኝ?» አሏት።

«ደህና ነው እትዬ።»

ክሬኑና ሰዎቹ የፊተኛውን ቁልል አወጡ፤ ደህና ነው፣ ቀይና ጠንካራ። ወደ ኋላ ሲዘልቁ ግን ክሬኑ ቆም አለ። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርገው ሽታው እንደ ሰው እጅ ገፋ አደረገው። መሃል ያለው ሣጥን ሲወጣ ፖሞቹ ከላይ ሲያዩዋቸው ጤነኛ ይመስላሉ፤ አሮጊቷ አንዱን አንስተው በቢላ ሰነጠቁት። ውስጡ እንደ ረጠበ ቡናማ ካርቶን ሆኗል። ሌላ ሰነጠቁ። ሌላም። ከዚያ ቢላቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አጠፉትና ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አልጮሁም፤ ማንንም አልተራገሙም። «በቃ?» ብቻ ነው ያሉት። «ሁሉም ነው?»

አለቃ ላስቲኩን አስወርዳ በእጇ ያዘችው። «ማነው ይሄን የሰቀለው?»

ጫኞቹ ወለሉን ያያሉ። ጎድጓዳው ውስጥ ሌላ ምንም አልተገኘም፤ ሌላው ነገር ሁሉ ጠዋት በሩ ሲከፈት ተለቅሟል።

አለቃ ወደ ልጅቷ ዞረች። ድምፅዋ ከመውረዱ የተነሳ ለመስማት መጠጋት ያስፈልግ ነበር። «ሴንሰሩ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ዘግቼው ነበር።»

«ተበላሽቷል ብለሽኝ ነበር።»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን ዘጋሽው?»

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። በሩ ጋ ቆሟል፤ ከእሷ የሚርቀው በጥቂት እርምጃ ነው። አንድ ቃል ቢወጣው በቂ ነበር፤ ባይናገር እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢመጣ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አንዷ እንደጠፋችበት ሰው። ጠበቀችው። ሁሉም ጠበቀው፤ ያን ጊዜ እሷ አላስተዋለችም እንጂ። ቁልፎቹን ቆጥሮ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ምክንያት የለኝም» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ዕቃሽን ሰብስቢ» አለቻት አለቃ።

በር ላይ ካፖርቷን ስታወልቅ ክሬኑ ከኋላዋ ደረሰ። ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«ምኑን?»

«አባትሽን ነዋ።»

«ታውቃለህ?»

«ዶክተሬ፣ እዚህ ማን የማያውቅ አለ? መራጮቹ ያውቃሉ። ዘበኛው ያውቃል። አለቃም ታውቃለች፤ እናትሽ ከሞተች ወዲህ እያየች እንዳላየ ነው የምታልፈው። ቁልፉን በሥርዓት እስከያዘ ድረስ ይሁን ተባለ። ያልነገርንሽ አንቺን ነው። አንቺ አቁሟል ብለሽ ስታወሪ ፊትሽ እንዲህ ይበራ ነበር፤ ማን አፍ አውጥቶ ይንገርሽ?»

«ታዲያ ያኔ ደወሉ ሲጮህ… ያን ሁሉ ሣጥን… ፖሙ ምንም እንዳልሆነ እያወቃችሁ ነው ያወጣችሁት?»

«እያወቅን ነዋ።»

«ለምን?»

ክሬኑ ትከሻውን ሰበቀ። «አንቺን ከመንገር ሣጥኑ ቀለለን።»

ልጅቷ አጥሩ ጥግ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ክሬኑ ትንሽ ቆሞ ጠበቃት፤ ከውስጥ ሲጠሩት ሄደ።

*

ያን ቀን ባለ ቁልፉ ወደ ቤት የመጣው በሰዓቱ ነው። ልጅቷ ገበታ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቁልፎቹን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ ፎጣውን አጠፈ።

«በላሽ?» አላት።

«በላሁ።»

ተኛ። በማግስቱ ተነስቶ ወደ ሥራ ሄደ። እንዲህ እያሉ ሳምንታት አለፉ፤ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀመጣለች። ብታነሳበት ትችል ነበር። እሷ ግን እሱ ራሱ እንዲያነሳው ነበር የምትፈልገው፤ እሱም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ አጥር፣ ስለ ዳቦው መወደድ ያወራሉ፤ ወሬው ያልቅና ማንኪያው ብቻ ይሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓቱ በፊት ተመለሰ። በሩን ሲከፍት ልጅቷ ሌላ ሰው መስሏት ተነሳች፤ እርምጃው ድምፅ አልነበረውም። ወገቡ ባዶ ነው።

«ነገርኳት» አለ፤ ቆሞ። «ላስቲኩንም፣ መጠጡንም፣ ያንቺንም። ሁሉንም።»

«ምን አለችህ?»

«‘አውቃለሁ’ አለችኝ።» ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «‘ያን ቀን ልጅህ ፊት ተናገር ብዬ ጠብቄህ ነበር፤ ያኔ ብትናገር ሁለታችሁንም የማተርፍበት መንገድ አላጣም ነበር። አሁን አምራቾቹ ያንን ዕቃ ዓይናችን አይየው ብለዋል፤ ሁሉንም አውርደነዋል። ልጅህን ልመልሳት ብል እንኳ የምትሠራው ሥራ የለም።’ እንዲያ ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ደግሞ ልትጨብጠኝ መስሎኝ…» ባዶ ወገቡን ነካ። «ቁልፉን ነው።»

ልጅቷ ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። ልታቅፈው ፈለገች፤ ያም አልመጣላትም። ተነስታ ምግብ አቀረበችለት።

ከዚያ ወዲያ መደበቁ ቀረ። ባለ ቁልፉ፣ ሰፈሩ አሁንም እንዲያው ነው የሚጠራው፣ ገበታው ላይ ጠርሙሱን አቁሞ በቀን ብርሃን ይጠጣል። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ አይወድቅም፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ይመሻል። ልጅቷ መጀመሪያ መጀመሪያ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋ ነበር፤ በኋላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ልብስ መተኮስ ለመደች።

«ለምን እዚያ?» አለችው አንድ ቀን። «ይሄን ሁሉ ቦታ ትተህ፣ ያን ብርድ?»

አሰበ። ትልቅ ነገር ሊናገር መስሏት ካውያውን አስቀመጠች።

«የአራተኛው ክፍል ቁልፍ ሁለተኛ የለውም» አለ። «የሌሎቹ ሁሉ መለዋወጫ አለቃ ዘንድ አለ። ለዚያ ነው።»

ሥራ ያገኘችው ራቅ ያለ ከተማ፣ ሽንኩርትና ድንች የሚከማችበት መጋዘን ነው። የፊተኛውን ሥራ ለምን እንደለቀቀች ሲጠይቋት «መዘጋት የሌለበትን ደወል ዘጋሁ» አለች። ሰዎቹ ተያዩ፤ ሌላ አመልካች አልነበራቸውምና ቀጠሯት። የተነሳች ቀን ባለ ቁልፉ ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላት። ጠዋት ስለነበር አልጠጣም። ጉንጯን ሲስማት «ብርድ እንዳይመታሽ» አላት፤ ሌላ የሚለው እንደጠፋው ያስታውቃል።

እሑድ እሑድ ትደውልለታለች። ስልኩን ቶሎ ነው የሚያነሳው፤ አጠገቡ ይዞት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ያለፈው እሑድ ስለ ጎረቤቱ አጥር ነገራት፣ ክሬኑ ወገቡን ታሞ ሥራ እንዳቆመ ነገራት። ከዚያም፣

«እትዬ ዛፎቻቸውን አስቆረጡ» አላት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በዚያ በኩል አለፍኩ። መሬቱ ሜዳ ሆኗል፤ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ቤታቸው ወለል ብሎ ይታያል። በፊት አይታይም ነበር።»

በልጅቷ መስኮት በኩል የሽንኩርት ጆንያ የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ሰዎች ሲጮሁለት ይሰማታል።

«አለሽ?» አላት አባቷ።

«አለሁ አባዬ» አለችው። «አለሁ።»